ሁሉንም ነገር በአጎቴ ሲጋራ ስናሳብብ

ነገሩ የከነከነኝ ሦስተኛው ማዘዣ ላይ ነው። ሽንቴ ቀልቷል፤ ሕመም ግን የለም። አያቃጥልም፣ ትኩሳት የለውም፣ ወገቤንም አይዘኝም። መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፣ ሴቶች ላይ የተለመደ ነው» ብሎ አንቲባዮቲክ ጻፈልኝ። ደሙ በሁለት ቀን ጠፋ። ተመስገን ብዬ ረሳሁት። ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ሌላ አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ፤ ደግሞ ጠፋ። በሦስተኛው ወረቀቱን ይዤ ልወጣ ስል ዞር አልኩና «ግን እኮ የላቦራቶሪው ውጤት ላይ ባክቴሪያ አልተገኘም» አልኩት። «አንዳንዴ አይታይም» አለኝ።

ያኔ 43 ዓመቴ ነበር። ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም።

አሁን ሳስበው፣ ያታለለኝ የደሙ መምጣት ሳይሆን መጥፋቱ ነው። ኋላ እንደታወቀው ሕመሜ የሽንት ፊኛ ካንሰር ነበር። የፊኛ ዕጢ ይደማል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይደማል። ደሙ በራሱ ጊዜ ሲያቆም አንቲባዮቲኩ የሠራ ይመስላል። የፊኛ ካንሰር ወንዶች ላይ ከሴቶች ሦስት አራት እጥፍ ይበዛል። ስለዚህ ሴት ደም አየሁ ስትል ቀድሞ የሚታሰበው ኢንፌክሽን ወይም የወር አበባ ነው። እኔም ራሴ ያሰብኩት እሱኑ ነው፤ ሐኪሙን ብቻ መውቀስ አይሆንልኝም።

መድኃኒቱን ሳልገዛ ወደ ሽንት አካላት ስፔሻሊስት ሄድኩ። ሲስቶስኮፒ አዘዙልኝ። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫው በኩል ይገባና ፊኛው ውስጡ በስክሪን ይታያል። እኔም ተኝቼ አየሁት። ውሃ ውስጥ እንደሚወዛወዝ ሣር ያለ ነገር ከግድግዳው ላይ በቅሏል። ምንም ያልገባኝ ሰው ብሆንም እዚያ መሆን የሌለበት ነገር መሆኑን ለማወቅ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገም።

ዕጢው ሆዴ ሳይከፈት በዚያው በሽንት መውጫው በኩል ተቆርጦ ወጣ። ወደ ጡንቻው አልዘለቀም። ነገር ግን ቶሎ የማደግ ባህሪ ያለው ዓይነት ስለነበር ቢሲጂ ተሰጠኝ። አዎ፣ ያው የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ክትባቱ። በየሳምንቱ ለስድስት ሳምንት ፊኛ ውስጥ ይጨመራል፤ የሰውነት መከላከያው ተቆጥቶ እንዲነሣ ነው። ስለ ሕክምናው ብዙ ሰዎች ጽፈዋል፣ እኔ አልደግመውም። ልነግራችሁ የፈለግኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው።

ለክትትል ስሄድ ዶክተሩ «ከቤተሰብ ካንሰር የታመመ ሰው አለ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ቢያንስ ሦስት ቦታ ተጠይቄያለሁ። መልሴም ሁሌ አንድ ነው። «አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም። እሱም የፊኛ ነበር። ግን እሱ አጫሽ ነበር።»

ሌሎቹ «እሺ» ብለው ጽፈው አልፈዋል። እሳቸው ግን ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ስለ ፊኛ ብቻ አይደለም የጠየቅኩዎት» አሉ። «ማንኛውም ካንሰር። ማን፣ የት፣ በስንት ዓመቱ?»

ዝም ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። እናቴ የማህፀን ካንሰር፣ በ48 ዓመቷ። እኛ ቤት ይህ ይባል የነበረው «የሴት በሽታ» ነው። የእናቴ አባት፣ አያቴ፣ «በሆድ ዕቃ በሽታ» ነው የሞተው፤ ገና 50 አልሞላውም ነበር። ኋላ አክስቴን ስጠይቃት ትልቁ አንጀቱ ላይ እንደነበር ነገረችኝ። አጎቴ ፊኛ፣ በ52። እኔ ፊኛ፣ በ43።

ዶክተሩ ወረቀት ላይ ሣሉት። ወንድ በካሬ፣ ሴት በክብ፣ የታመመ ሰው ይጠቆራል። ሥዕሉ ሲያልቅ በእናቴ ወገን ከላይ እስከ ታች በየትውልዱ ጥቁር አለ። እኛ እያንዳንዱን ሞት ለብቻው ምክንያት ሰጥተን ቀብረነዋል። አያቴ ከሐዘን ብዛት፣ እናቴ ከዕድል፣ አጎቴ ከሲጋራ። አንድ ላይ አድርጎ ያያቸው ሰው አልነበረም።

ሁለት ምርመራ ታዘዘ። የመጀመሪያው እኔን እንኳን አላስቸገረም፤ ከወጣው ዕጢ የተቀመጠ ናሙና አለ፣ እሱ ላይ ተሠራ። አራት ፕሮቲኖች መኖር አለመኖራቸው በቀለም ይታያል። ከእኔ ዕጢ ሁለቱ ጠፍተዋል፤ ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤስኤች6። እነዚህ ሁለቱ ተጣምረው ነው የሚሠሩት፤ ኤምኤስኤች2 ከሌለ ኤምኤስኤች6 ብቻውን አይቆምም። ሁለተኛው የደም ምርመራ ነው፤ ውጤቱ ሳምንታት ፈጀ። ኤምኤስኤች2 የሚባለው ጂኔ ላይ ከእናቴ የወረስኩት ጉድለት ተገኘ። ስሙም ሊንች ሲንድሮም ይባላል።

የዘረመል አማካሪዋ ያስረዳችኝን በራሴ ቃል ልሞክር። ሕዋስ ሲከፈል ዲኤንኤውን ሁሉ ይገለብጣል። ረጅም መጽሐፍ በእጅ እንደመገልበጥ ነው፤ ፊደል መሳቱ አይቀርም። ስለዚህ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ የሚያርም አለ። ኤምኤስኤች2 ከአራሚዎቹ አንዱ ነው። ሁላችንም ከዚህ ጂን ሁለት ሁለት ቅጂ አለን፣ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። እኔ ስወለድ አንዱ የተበላሸ ነበር። ሌላው ደህና ስለሆነ ዓመታት በሰላም አለፉ። ከዚያ አንድ የፊኛዬ ሕዋስ ውስጥ ደህናው ቅጂም ተበላሸ። አራሚ የሌለው ገልባጭ ሲቀር ስህተቱ ይከመራል፤ አንድ ቀን ስህተቱ ሕዋሱን ልጓም የሚያስጥል ቦታ ላይ ያርፋል።

«ታዲያ ለምን አንጀት፣ ለምን ማህፀን፣ ለምን ፊኛ?» ብዬ ጠየቅኳት። ሙሉ መልስ አልነበራትም፤ ግን አንጀትና ማህፀን ውስጣቸው ቶሎ ቶሎ የሚታደስ አካላት እንደሆኑ ነገረችኝ። የእኔ ዓይነት ጉድለት ያላቸው ደግሞ በሌሎቹ አራሚ ጂኖች ሊንች ከያዛቸው ሰዎች ይልቅ የሽንት መስመር ላይ ያይልባቸዋል፤ ፊኛ ብቻ ሳይሆን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው ቀጭን ቱቦና የኩላሊቱ ውስጠኛ ክፍልም ጭምር። ቁጥር ስጪኝ አልኳት። ኤምኤስኤች2 ላይ ጉድለት ካለባቸው 100 ሰዎች ከ4 እስከ 13 ያህሉ በዕድሜያቸው የፊኛ ካንሰር ይይዛቸዋል። የትልቁ አንጀት ግን ከሦስት አንድ እስከ ግማሽ ይደርሳል። ቁጥሩን ስሰማ ደነገጥኩ፣ ደግሞም ቀለል አለኝ። ከ100 ሰው 13ቱ ማለት 87ቱ አይያዙም ማለት ነው። እኔ ከ13ቱ ሆንኩ፤ ልጄ ግን የግድ አይደለችም።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። አጎቴስ? ሲጋራው ነው ወይስ ጂኑ?

«ሁለቱም ይሆናል» አለችኝ። ከፊኛ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ከሲጋራ ጋር የተያያዘ ነው። የጭሱ መርዝ ከሳንባ ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ያጣራዋል፣ ከዚያ ፊኛ ውስጥ ሰዓታት ይቀመጣል። ፊኛ መርዙን እንደ ማሰሮ ይዞ ይቆያል ማለት ነው። ይህ መርዝ ዲኤንኤ ላይ ጉዳት ያደርሳል። አጎቴ ላይ ደግሞ የአራሚው አንዱ ቅጂ አስቀድሞ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ የእሱ ምርመራ ስለሌለ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ እኔ ግን ሲጋራውን ነፃ አላወጣውም። ብቻውንም አልከሰውም።

ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ ደስ ያለኝ አጋጣሚ አለ። እ.ኤ.አ. በ1895 ጀርመን ውስጥ ሉድቪግ ሬን የሚባል ቀዶ ሐኪም የቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ካንሰር እንደበዛ አስታወቀ። ካንሰሩ ከሥራው ኬሚካል ጋር የተያያዘ ነበር። በዚያው 1895 አሜሪካ ውስጥ አልድሬድ ዋርቲን የሚባል የፓቶሎጂ ባለሙያ ልብስ የምትሰፋለትን ሴት ምን እንዳሳዘናት ጠየቃት። «ቤተሰቤ ሁሉ በአንጀት ወይም በማህፀን ካንሰር ነው የሚሞተው፣ እኔም እንደዚያው» አለችው። እንዳለችውም በማህፀን ካንሰር ሞተች። የቤተሰቧን ታሪክ በ1913 አሳተመው። ሄንሪ ሊንች በ1960ዎቹ መሰል ቤተሰቦችን አጥንቶ ነው ስሙ ለሲንድሮሙ የተሰጠው። ጂኑ ራሱ የተገኘው ደግሞ በ1993 ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ቀድማ ያለ ምንም ላቦራቶሪ ቤተሰቧን ቆጥራ ደርሳበታለች። እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች ግን አጠገባችን ያለውን አላየንም።

ሁለት ነገሮች ብዙ ሰው ሲያምታታ ስላየሁ ላብራራ።

ተራ ጥበቃ ላይ አንድ ሰውዬ አገኘሁ። የዕጢው ምርመራ ወረቀት ላይ «ኤፍጂኤፍአር3 ሚውቴሽን» የሚል አይቶ ለሦስት ልጆቹ «አስተላልፌባችኋለሁ» ብሎ አልቅሶ ነግሯቸዋል። ይህ ግን ዕጢው ውስጥ ብቻ የተፈጠረ የጂን ለውጥ ነው። የፊኛ ዕጢ ላይ በብዛት ይገኛል፣ ለመድኃኒት ምርጫም ይጠቅማል፤ ወደ ልጅ ግን አይተላለፍም። ከዕጢ ላይ የተሠራ ምርመራና ከደም ወይም ከምራቅ ላይ የተሠራ የዘር ምርመራ የተለያዩ ናቸው። ወረቀታችሁ ላይ «ናሙና» የሚለውን መስመር እዩ። የሚያጠራጥር ከሆነ ልጆቻችሁን ከመጥራታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ «የፊኛ ካንሰር በዘር ነው?» የሚለው ጥያቄ። አብዛኛው አይደለም። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት የታመመበት ሰው ዕድሉ ከሌላው ወደ እጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ የዚህ ሁሉ ምክንያት ግን አንድ ትልቅ ጂን አይደለም። ለምሳሌ ኤንኤቲ2 የሚባል ጂን አለ። የሲጋራና የቀለም ኬሚካሎችን መርዝ ጉበት ውስጥ ከሚያመክኑት አንዱ ነው። ብዙ ሰው ዝግ ብሎ የሚሠራውን ዓይነት ይወርሳል፤ ይህ ሰው ካጨሰ አደጋው በመጠኑ ይጨምራል። አማካሪዋን «እሱንም ላሠራ?» ስላት ሳቀች። «ቢገኝብዎ የምለው አታጭሱ ነው። ባይገኝብዎም የምለው አታጭሱ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ገንዘቤን አስቀመጥኩ።

የእኔ ውጤት ላይ ሌላም ነገር ነበር። ኤቲኤም የሚባል ጂን ላይ (አዎ፣ እንደ ገንዘብ ማውጫው ማሽን) «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ይላል። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። አማካሪዋ ግን «ይህን እንዳላዩት ይቁጠሩት» አለችኝ። እንዲህ ያለው ለውጥ ጊዜ አልፎ ሲጠና አብዛኛውን ጊዜ ምንም ጉዳት የሌለው ሆኖ ይገኛል። በእሱ ተመሥርቶ ሕክምናም ውሳኔም አይደረግም፤ ዘመድም አይመረመርም። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ሁለቱን ሌሊት እተኛ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ለቤተሰብ መንገር።

ተሳሳትኩ። ውጤቱን የሰማሁ ዕለት ማታ፣ አምስት ሰዓት ላይ፣ የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ረጅም መልእክት ጻፍኩ። «ሁላችሁም ተመርመሩ» የሚል። የሚያለቅስ፣ የሚቆጣ፣ ዝም የሚል፣ የጸሎት ስቲከር የሚልክ፤ ሁሉም በአንድ ላይ። አንዷ የአጎቴ ልጅ «አባቴ የሞተው በሲጋራ ነው፣ ስሙን አታጥፊ» አለችኝ። ሲጋራ ከጂን ይልቅ እንዴት ክብር እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ግን ተረዳኋት። ሲጋራ ከአባቷ ጋር አልቋል። ጂኑ ግን እሷ ጋ ሊኖር ይችላል።

ቢመለስልኝ አንድ በአንድ፣ በአካል፣ በቀን ነበር የምነግራቸው። እጄ ላይም የውጤቱን ኮፒ እይዛለሁ። ይህ ኮፒ ከምክር ሁሉ ይበልጣል። ምክንያቱም የእኔ ለውጥ ትክክለኛ ስም እዚያ ላይ አለ፤ የፊደልና የቁጥር ጥልፍልፍ ነው፣ በቃል አይያዝም። ዘመድ ይህን ይዞ ሲሄድ ላቦራቶሪው ያቺኑ አንዷን ቦታ ይፈልጋል። ካልተገኘች «የለብህም» የሚለው መልስ እውነተኛ መልስ ነው። ወረቀቱ ሳይኖር በጭፍን ተመርምሮ «ምንም አልተገኘም» የተባለ ዘመድ ግን ልቡን ሊጥል አይገባም።

ታላቅ እህቴ ተመረመረች፤ የለባትም። እያንዳንዳችን ዕድላችን ግማሽ በግማሽ ነበር። ደውላ «የለብኝም» ስትለኝ እልል አልኩ። እሷ ግን ታለቅሳለች። «ለምን አንቺ ላይ ብቻ?» ትላለች። ውጤቱ ነፃ የሆነ ሰው እንዲህ እንደሚያዝን አላውቅም ነበር። ስልኩን ይዘን እኔ አጽናናኋት፣ የታመምኩት እኔ።

ያቺ የተቆጣችኝ የአጎቴ ልጅ ከስምንት ወር በኋላ ያለ ምንም መግቢያ «ወረቀቱን ላኪልኝ» ብላ ጻፈችልኝ። ላክሁላት። አለባት። 39 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው ኮሎኖስኮፒዋ ላይ፣ ማለትም ትልቁ አንጀቷ በካሜራ ሲታይ፣ ሁለት ፖሊፕ (ትንንሽ እብጠት) ተገኝቶ እዚያው ተነቀለ። ወደ ካንሰር ሳይቀየር ማለት ነው። ስለ አባቷ ከዚያ ወዲህ አላወራንም።

ልጄ 19 ዓመቷ ነው። እዚህ ላይ አማካሪዋ ጠበቅ አድርጋ ነገረችኝ፦ ለአካለ መጠን የደረሰች ናት፣ ውሳኔው የእሷ ነው፣ አትግፏት። አልገፋኋትም። ማለቴ፣ ብዙ አልገፋኋትም። የአንጀት ክትትሉ የሚጀመረው ከ20 እስከ 25 ባለው ዕድሜ ስለሆነ ለማሰብ ጊዜ አላት።

የእኔ ክትትል አሁን እንዲህ ነው። ፊኛዬ በየሦስት ወሩ በካሜራ ይታያል፤ ካንሰሩ ስለነበረብኝ ነው። የላይኛው የሽንት መስመር በሲቲ ስካን ይታያል። ኮሎኖስኮፒ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ። ማህፀኔንና እንቁላል ማምረቻዬን አስወጥቻለሁ፤ ልጅ መውለድ ስለጨረስኩና እናቴን ስላየሁ ከባድ ውሳኔ አልሆነብኝም፤ ለሌላዋ ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። ስለ አስፕሪንም ተነጋግረናል። ሊንች ያለባቸው ሰዎች ላይ የአንጀት ካንሰርን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፤ ጨጓራ ሊያደማ ስለሚችል ግን ያለ ሐኪም አይጀመርም። ዶክተሩ ሌላም ነገሩኝ። ካንሰሩ አንድ ቀን ቢመለስና ቢስፋፋ፣ እንደ እኔ ያለ በስህተት የተሞላ ዕጢ ለሰውነት መከላከያ ቶሎ ስለሚታይ ኢምዩኖቴራፒ (ይህንኑ መከላከያ የሚያነሣሣ ሕክምና) ብዙ ጊዜ ይሠራበታል።

ጂኑ ኖሮባቸው ፊኛቸው ጤነኛ ለሆነ ዘመዶቼ ግን ቀጥተኛ መልስ አላገኘሁም። ለአንጀት ኮሎኖስኮፒ ሕይወት እንደሚያድን የተረጋገጠውን ያህል ለፊኛ የተረጋገጠ ክትትል የለም። አንዳንድ ሐኪሞች በተለይ ኤምኤስኤች2 ላይ ጉድለት ላለበትና በቤተሰቡ የሽንት መስመር ካንሰር ለነበረበት ሰው በየዓመቱ የሽንት ምርመራ ያዛሉ። ቀላል ስለሆነ የአጎቴ ልጅ ታሠራለች።

ታናሽ ወንድሜ አልተመረመረም። «ካላወቅኩት የለም» ባይ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተጣልተናል። ሦስተኛ ጊዜ አልጣላም ብዬ ተውኩት። ግን ሃያ ዓመት ያጨሰውን ሲጋራ፣ ማንም ሳይለምነው፣ በዚያው ዓመት ጣለ። በየወሩ መጀመሪያ ላይ ደግሞ አንዲት ቃል ይልክልኛል፤ «ንጹህ»። የሽንቱን ቀለም ማለቱ ነው። እኔም በየወሩ አንድ ዓይነት መልስ እመልስለታለሁ፦ በዓይን የማይታይ ደምም አለ፣ ወንድሜ፣ ላቦራቶሪ ስጠው። ባለፈው ወር በጣት ምልክት «እሺ» አለኝ። እስካሁን አልሰጠም።